ይድረስ ለልጄ ጋሪ፤ ከፈረስህ

ቀን፦ ውኃ በጠፋ በ4ኛው ቀን
ለ፦ ክቡር የሕፃን ጋሪ፣ ሳሎን፣ ከሶፋው ጀርባ
ጎንደር
ጉዳዩ፦ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጎንበስ ብዬ እጅ መንሣት ነበረብኝ። ግን ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ምክንያቱን እርስዎ ያውቁታል።

"እርስዎ" ያልኩዎት የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ነው። ከዚህ በኋላ አንተ ልበልህ። የፒያሳን ዳገት አብረን የወጣን ሰዎች ነን። ይቅርታ፣ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንተ ተገፍተህ ነው።

እንዴት እንደመጣህ ላስታውስህ። ባለቤቴ የስምንት ወር እርጉዝ ሳለች እህቷ ከአሜሪካ ደወለች። "ለልጁ ጋሪ እልካለሁ፤ ምረጡ" አለች። ፎቶው በቴሌግራም ይጎርፍ ጀመር። ሁለት ሳምንት ሙሉ መከርን። ስለ ምን? ስለ ቀለም። እኔ ጥቁር ይሁን አልኩ፤ ቆሻሻ ይችላል ብዬ። ባለቤቴ ግራጫ አለች። አማቴ ከጓዳ ሆነው "ቀይ ነው እንጂ ልጅን የሚያደምቀው" አሉ። ስለ ጎማህ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ፎቶው ላይ አንዲት ቀጭን ሴት በአንድ እጇ አንተን ትገፋለች፣ በሌላው ቡና ይዛለች፣ ትስቃለች። ዙሪያዋን ሣር ነው። መንገዱ እንደ መዳፍ ለጥ ያለ ነው። እኛ ሴትዮዋን አየን፣ ሣሩን አየን። መንገዱን ማን ይይ?

ግራጫ ሆነህ መጣህ። 11 ኪሎ ትመዝናለህ። ሻንጣው ውስጥ ለእኔ የታሰበውን ጫማ አስወጥተህ ነው የገባኸው። ለእሱ ይቅር ብዬሃለሁ። (አላልኩም።)

ሚሚ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ሳሎኑ መሀል ቆመህ ነበር። እንግዳው ሁሉ ከልጅቷ ይልቅ አንተን ነው ያየው። አንዲት ጎረቤታችን ዞር ዞር ብለው ካዩህ በኋላ "በመብራት ነው የሚሠራው?" ብለው ጠየቁ። ሚሚ ግን አልተቀመጠችብህም። ጀርባህ አይተኛማ! አንገቷን ያላጸናች ሕፃን ጀርባው ሙሉ በሙሉ የሚተኛ ጋሪ ያስፈልጋታል፤ እንዳንተ ያለው 6 ወር ገደማ ሲሆናት ነው። ይህን ከመመሪያህ ላይ ያነበብነው ክርስትናው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ግማሽ ዓመት የቤት ዕቃ ሆነህ ኖርክ። ጋቢ ተሰቀለብህ። አንድ ሰሞን ድመት ወለደችብህ። ቅር አይበልህና፣ በሕይወትህ እንደዚያ ጊዜ ለሰው ጠቅመህ አታውቅም።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ።

ገና ከግቢ ሳንወጣ ተጣላን። ወርድህ 62 ሳንቲም ነው። ትንሿ በራችን 60 ናት። ትልቁን በር መክፈት ግድ ሆነ። መኪና ስለሌለን ያ በር ከሠርጋችን ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ሲንጫጫ ጎረቤት ሁሉ ምን መጣ ብሎ ወጣ። በጎረቤት ሁሉ ፊት፣ እኔ እየገፋሁ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ወረድን።

ኮብልስቶን! ጎማህ የስኒ ማስቀመጫ ታክላለች። እሷም ደረቅ ፕላስቲክ ናት። በድንጋይና በድንጋይ መሀል ያለው ክፍተት ለሰው ምንም አይደለም፤ ለአንተ ግን ገደል ነው። የፊት ጎማዎችህ እንደልባቸው ይዞራሉ። መናፈሻ ውስጥ ጥሩ ነው፣ ለመታጠፍ ይቀላል። እዚህ ግን አንዱ አራዳ ልሂድ ሲል ሌላው ማራኪ ይላል። ቀጥ አድርጎ የሚቆልፋቸው ነገር የላቸውም። ሌሎች ጋሪዎች አላቸው አሉ። ትልቅ፣ አየር የሚነፋ ጎማ ቢኖርህ ድንጋዩን ወጥተህ ትሻገረው ነበር፤ መንቀጥቀጡንም ጎማው ይውጠው ነበር። ቢተነፍስስ? የጎሚስታ ችግር የለብንም።

ሚሚ ያን ሰሞን ድምፅ ማውጣት ጀምራለች። በመንገዱ "አ-አ-አ-ባ-ባ-ባ" አለች። የልጄ የመጀመሪያ ቃል "አባ" ይሁን ኮብልስቶኑ ይሁን እስከ ዛሬ በቤታችን እንዳከራከረ ነው።

ጥጉ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አዛውንት አሉ። አንተን አዩ። ሚሚን አዩ። እኔን ግን አላዩም። "ልጄ፣ ጋሪውስ እሺ፤ ፈረሱ የት አለ?" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈር ውስጥ ስሜ ተቀየረ።

ጠላትን ማወቅ ደግ ነው ብዬ ታሪክህን አነበብኩ። በፈረንጆቹ 1733 ዊልያም ኬንት የሚባል እንግሊዛዊ አርክቴክት ለዴቮንሻየር መስፍን ልጆች ነው አሉ የሠራህ። መልክህ እንደ ዛጎል ነበር። የሚጎትትህም ፍየል ወይም ትንሽ ፈረስ እንጂ የልጁ አባት አልነበረም። በዚያ ዘመን እዚህ ጎንደር ዙፋኑ ላይ ልጅ ነበር። ዳግማዊ ኢያሱ በፈረንጆቹ 1730 ሲነግሡ ገና ትንሽ ልጅ ነበሩ፤ አገሩን የያዙት እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ቁስቋም ላይ ያን ሁሉ ግንብ ያስገነቡ እቴጌ ለልጃቸው ጋሪ አዘዙ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? እኔም አልሰማሁም። የቁስቋምን ዳገት ያየ ሰው አይጠይቅም። የፍየሏ ሐሳብ ግን ክፉ አይደለም። ችግሩ ፋሲካ ነው።

ከዚያ በፈረንጆቹ 1965 ኦወን ማክላረን መጣ። የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን የማረፊያ እግር ላይ የሠራ መሐንዲስ ነው። ልጁ ከባድ ጋሪ ይዛ ስትጓዝ መቸገሯን አይቶ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ የአሉሚኒየም ጋሪ ሠራ፤ 3 ኪሎ እንኳ የማይሞላ። እግዜር ይስጠው። አንተን ግን የእሱ ዘር ነህ ቢሉኝ አላምንም። ምናልባት በማረፊያው በኩል ትዛመዱ ይሆናል፤ አንተ በየድንጋዩ ነው የምታርፈው።

"በአንድ እጅ ይታጠፋል" ይላል ካርቶንህ። እስቲ እንነጋገር። ዳገቱ ሲበዛብኝ ባጃጅ አስቆምኩ። ሚሚን ለባለቤቴ ሰጥቼ አንዱን ቁልፍ ተጫንኩ። ሌላውን ጎተትኩ። በእግሬ ረገጥኩህ። ጣቴን ነከስከኝ። ሹፌሩ ወርዶ ረዳኝ። ከኋላው የቆመ ባጃጅ ጡሩንባ ነፋ፣ ከዚያ እሱም ወርዶ ረዳን። በአንድ እጅ የተባለው የማን እጅ እንደሆነ ነው እንጂ ያልተገለጸው። ታጥፈህም ባጃጁን ሞላኸው። ሹፌሩ በትሕትና "አባቷ፣ ልጅቷ ነፃ ናት። ጋሪዋ ግን የሁለት ሰው ትከፍላለች" አለኝ። ከፈልኩ። ጉልበቴ ላይ ተቀምጠህ፣ እግርህን ጎኔ ውስጥ ሰክተህ ሄድን። ሚሚ በእናቷ ዕቅፍ ተኝታ ነበር። ልብ በል፣ ያን ቀን ጋሪው እኔ ነበርኩ።

ቀኝ እጀታህ ላይ ስላለው የቡና መያዣም አንድ ነገር ልበል። ምን ነክቷቸው ነው? እኛ ቡና ተቀምጠን፣ ዕጣን አጢሰን፣ ከአቦል እስከ በረካ ነው የምንጠጣው። ልጅ እየገፋ ቡና የሚጠጣ ሰው ቤት የለውም? ሲኒ ብናስቀምጥበት ገብቶ ጠፋ።

አሁን ወደ አራዳ እንውረድ። አንተ እንዲነሣ አትፈልግም፤ አውቃለሁ።

5 ኪሎ ሽንኩርትና 3 ኪሎ ድንች ገዝቼ እጀታህ ላይ ሰቀልኩ። ሚሚ እስካለች ዝም ብለህ ቆምክ፤ ጨዋ መሰልክ። አለቀሰች። ቀበቶዋን ፈትቼ ብድግ ሳደርጋት የፊት እግሮችህን ወደ ሰማይ አንሥተህ በጀርባህ ተዘረርክ። ነገሩ የሚዛን ነው። ከፊት 7 ኪሎ ልጅ ከተነሣ ከኋላ የተንጠለጠለው 8 ኪሎ ይጥልሃል። ልጅ ብትኖርብህም እጀታ ላይ ከባድ ነገር አይሰቀልም፤ ከወንበሩ ሥር ያለው ቅርጫት ለዚያ ነው የተሠራው። መመሪያህ ይህንንም ጽፎታል፤ በቋንቋ ዓይነት። አማርኛ ብቻ ቀርቶበታል።

ሽንኩርቱ ቁልቁል ወረደ። አንድም ድንጋይ አልያዘውም፣ አንድም ጊዜ አልተንገዳገደም። ያን ዕለት ጎማ ምን መምሰል እንዳለበት ከሽንኩርት ተማርኩ። ልጆች ተሯሩጠው ሰበሰቡልኝ፤ 5 ኪሎው 3 ኪሎ ሆኖ ተመለሰ። ሽንኩርት ሻጯ "ወንድምዓለም፣ ልጅቱ አብራ አልተንከባለለች፤ ተመስገን በል" አለችኝ። ተመስገን አልኩ።

ፍትሕ አላጓድልም። ቀበቶህ ግሩም ነው። በ5 ቦታ ይይዛል፤ በሁለቱ ትከሻ፣ በሁለቱ ወገብና በእግሮቿ መሀል። ሚሚ ከዚያ አምልጣ አታውቅም። ፍሬንህም ዳገት ላይ ይይዛል፤ ትንፋሼን ለመሰብሰብ ስቆም ወደ ኋላ አልሸሸህም። ባጃጅ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀበቶ ለእኔም በኖረኝ ብዬ ተመኝቼ አውቃለሁ።

ጥላህ ግን የሚሚን ግንባር ብቻ ነው የሚሸፍነው። መዘዙ ከዚህ መጣ። አማቴ "ልጅ ለመንገደኛ ሁሉ ፊቷን ሰጥታ ትሂድ? ቡዳ ይብላት?" ብለው ነጠላቸውን ከላይ እስከ ታች ጣል አደረጉብህ። ወሩ መጋቢት ነው። ትንሽ ቆይቼ እጄን ከነጠላው ሥር ባስገባ አክንባሎ ከፍቼ ያስገባሁ መሰለኝ። አየር ካልዞረ ሙቀቱ እዚያው ይታመቃል፤ ጨርቁ ስስ ቢሆንም። ገለጥኩት። እሳቸው መለሱት። ገለጥኩት። መለሱት። እስከ ቤት ድረስ እንዲህ ሄድን። ምክንያቱን ልነግራቸው ስሞክር "አንተን ማን አሳደገህ? ጋሪ?" አሉኝ።

ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ አንተን ይዤ መውጣቴን አላነሣውም። እኔ ነኝ ጥፋተኛው። በሰው አናት ላይ አሻግረው ያወጡህን ጎረምሶች አሁንም አመሰግናለሁ።

የዚያኑ ማታ አማቴ አንቀልባውን ከሚስማሩ አወረዱት። ባለቤቴ የታዘለችበት ነው። ቆዳው ለስልሷል፤ ዳር ዳሩን ዛጎል ተሰፍቶበታል። (ዛጎሉን እንኳ ቀድመንህ ኖሯል።) ሚሚን አዘሉ፣ ሁለቴ እሹሩሩ አሉ፣ ተኛች። ማንም ምንም አላጠፈም። እኔ ልሞክረው ብዬ ነበር፤ ግን አንቀልባ ታጥቄ ፒያሳ ብታይ ሰው ምን ይለኛል? ባለቤቴ "ፈረስ ካሉህ ወዲያ ደግሞ ምን ይሉሃል?" አለች። መልስ አጣሁ።

ባለፈው ሳምንት የሥራ ባልደረባዬ መጣ። ሚስቱ ልትወልድ ነው፤ ወንድሙ ከካናዳ ጋሪ ሊልክ ነው። "አንተ ልምድ አለህ፤ ምከረኝ" አለኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ መከርኩት። የበርህን ወርድ ለካ አልኩት። ትልቅ ጎማ ይሁን፣ የፊቱ የሚቆለፍ። ከተወለደች ጀምሮ የምትጠቀሙበት ከሆነ ጀርባው ሙሉ በሙሉ ይተኛ። ክብደቱን ጠይቅ፤ ደረጃ የምትሸከመው አንተ ነህ። ወንድምህ ሱቅ ውስጥ ራሱ አጥፎ ይዘርጋው፤ ያውም አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ። ጥላው ረዘም ይበል፤ አማት አለችህ። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ስጨርስ ቡናውን ፉት አለና "ቀለሙስ?" አለኝ።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ ጉዳይ ልምጣ። ውኃ ከጠፋ አራት ቀኑ ነው። ዛሬ ጠዋት ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ይዤ ልወጣ ስል አየሁህ። መመሪያህ ከ15 ኪሎ በላይ አትጫኑ ይላል። ተያየን። ጀሪካኑን አስቀመጥኩብህ። ቀበቶህ ልክክ አለ፤ ሁለቱ በትከሻው፣ ሁለቱ በወገቡ፣ አንዱ በመሀል። ስመለስ ሙሉ ነበር። አልተንገዳገድክም። የፊት ጎማዎችህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ተስማሙ። ክብደት ኖሯል የምትፈልገው!

ሰው እንዳያየኝ የአማቴን ነጠላ ጣል አድርጌብህ ነበር። ጥጉ ላይ ስንደርስ አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቆም አሉ። ነጠላውን አዩ፣ ቀስ ብዬ ስገፋ አዩኝ፣ ፊታቸው በራ።

"እግዚአብሔር ያሳድግልህ ልጄ" አሉኝ።

"አሜን" አልኩ።

ከሠላምታ ጋር፣
ፈረስህ

ግልባጭ፦
ለአንቀልባ፣ በሩ ጀርባ፣ ሚስማሩ ላይ
ለእህታችን፣ አሜሪካ (ጫማዬ ቁጥር 42 ነው)