አንቱታው ወደ ላይ ብቻ ሲወጣ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ነርሷ ዲዩቲ ላለው ሐኪም ትደውላለች። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቀሰቀስኩዎት መሰለኝ። አልጋ 7 ያሉት እናት ትንሽ ደከም ብለዋል።» ሐኪሙ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሲሯሯጥ ቆይቶ ገና ጎኑን ማሳረፉ ነው። «ግሉኮስ ቀጥይላቸው፣ ጠዋት አያቸዋለሁ» ብሎ ይዘጋል። ነርሷ የያዘችው ካርድ ላይ ግፊት 80 በ50፣ የልብ ምት 128 ተጽፏል። ቁጥሩን እሷ አልተናገረችም፤ እሱም አልጠየቀም።

መሀል አዲስ አበባ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ በእግር በሚደረስበት አንድ ሆስፒታል 11 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለ ስልክ እኔም ደውያለሁ። ዕውቀት አንሶኝ አልነበረም፤ 80 በ50 ማለት የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ወርዷል ማለት እንደሆነ ተማሪም ያውቀዋል። ይሉኝታ ነው። «ትንሽ»፣ «እንደው»፣ «መሰለኝ» ለሽምግልና የሚመቹ ቃላት ናቸው፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ክፉ ወሬ ያለዝባሉ። ውስጥ ለውስጥ እየደማ ላለ ሰው ግን «ትንሽ ደከም ብለዋል» ማለት ምንም አለማለት ነው።

ያቺው ነርስ ስልኩን ዘግታ ወደ አልጋ 7 ትመለስና «እማማ፣ ክንድሽን አምጪ፤ አትንቀሳቀሺ እንጂ!» ትላለች። ሐኪሙ በዕድሜ ታናሿ ነው፤ አንቱ ተብሏል። ሴትዮዋ እናቷን ያህላሉ፤ አንቺ ተብለዋል። (እናትን አንቺ ማለት በብዙ ቤት የፍቅር ነው የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ግን የቤቱ «አንቺ» ቁጣ የለበትም።) ለአለቃ እናለዝባለን፣ ለታካሚ ቁርጥ አድርገን እንናገራለን። መሆን የነበረበት ግልባጩ ነው። ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራት ነበር። ፖስተሩ እኛ ኮሪደር ላይም ተለጥፎ ነበር፤ ፈገግ ያለች ነርስ ነበረችበት። ስለ ሌሊቱ ስልክ የሚለው ነገር አልነበረም።

ስልኩ መላ አለው። ኤስባር የሚሉት አነጋገር ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ተወስዶ ወደ ሕክምና የገባ ነው፦ አሁን ምን ሆነ፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን ይደረግ። «ዶክተር፣ አልጋ 7 ያሉት እናት ግፊታቸው 80 በ50 ወርዷል። ትናንት ነው ኦፕራሲዮን የሆኑት። እየደሙ ነው ብዬ ሰግቻለሁ። አሁን መጥተው ይዩልኝ።» ሩብ ደቂቃ አይፈጅም፤ አንቱታውም አልተነካም። የሚያንቀው አራተኛው ነው። ነርስ ለሐኪም «ይህ ይደረግ» ስትል በእኛ ጆሮ ትእዛዝ ሆኖ ይሰማል።

ስለዚህ ነርሷን 3 ቀን ቢሾፍቱ ወስዶ ማሰልጠን፣ አበሉ ባይጠላም፣ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ የለም። ጉዳዩ የማትሮኗ፣ ማለትም የነርሶች ኃላፊዋ፣ እና የሜዲካል ዳይሬክተሩ ነው። አንዲት ነርስ ሌሊት ደውላ ታካሚው ደህና ሆኖ ቢገኝና «ለዚህ ነው የቀሰቀስሽኝ?» ብትባል፣ ሳይነጋ ዋርዱ ሁሉ ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ለመደወል የሚደፍር አይገኝም። አለቃ የሚለየው በማግስቱ ጠዋት ማንን ጠርቶ ምን እንዳለ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለ ባለሙያ ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን ይናገር ይላል። የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ታንዛኒያን ጨምሮ በ8 አገሮች ባሉ 8 ሆስፒታሎች ሲሞከር ግን የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ቼክሊስቱ 19 ነጥብ ስላለው ውጤቱን ሁሉ ለስም መናገር አልሰጥም። ሆኖም አንዴ ድምፁን ያሰማ ሰው ደም ሲያይ ዝም ለማለት ይከብደዋል።

ሰዓትን ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። ካርዱ የሚሞላው በፈረንጅ ሰዓት፣ የምናወራው በሐበሻ ነው። «በየ8 ሰዓቱ ይዋጡ» ያልኳቸው አባት በቀን አንዴ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሲውጡ ሰንብተው ተመለሱ። «ገባዎት?» ብዬ ነበር፤ «አዎ ልጄ» ብለውኝ ነበር። «እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ብል ኖሮ እዚያው ይታወቅ ነበር።

እኛ ቤት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሐኪሞቹ ሞርኒንግ ይቀመጣሉ። ሌሊቱ ይወራል፤ «አልጋ 7 ምን ሆነች?» ይባላል። አጠገቧ ቆማ ያደረችው ነርስ በዚያው ሰዓት ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ለተረኛዋ ታስረክባለች። አንድ ጊዜ ነርሶች ተሰባስበን፣ ሌሊት ያደረችው እንኳ ብትገባ ብለን ዳይሬክተራችንን ጠይቀናቸው ነበር። «ወንበር አይበቃም» አሉን።