ድራም ሻጮች፣ ወንበሩስ የታለ?

ሰዎች፣ ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። ቤት ልግዛ አላልኩ፣ መኪና አላልኩ። ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ውስጥ የምለማመድበት አንድ ድራም ነው የፈለግኩት። ደሞዜ የመምህር ደሞዝ ነው፣ ዕቁብ ግን ወጥቶልኛል። ብሩ ትንሽ ነው እንጂ አለ። የጠፋው እውነቱን የሚናገር ሻጭ ነው።

ማስታወቂያው "ሙሉ ድራም" ይላል። ፎቶው ላይ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከላይ ሲምባሎቹ፣ ማለት የሚመቱት የብረት ሳህኖች፣ ክንፋቸውን ዘርግተው። ደወልኩ። "አዎ እህቴ፣ ባለ 5 ነው" አለኝ። ነገሩን የማያውቅ ሰው ይሄን ሲሰማ ሁሉም ተሟልቶ የሚመጣለት ይመስለዋል። የሚቆጠሩት እኮ ከበሮዎቹ ብቻ ናቸው፤ በእግር ፔዳል የሚመታው ትልቁ ኪክ፣ ከሥሩ ሽቦ ያለው ስኔር፣ ሁለት ትንንሽ ቶምና መሬት ላይ የሚቆመው ትልቁ ቶም። ሲምባል ከቁጥር አይገባም፣ ስታንድም ፔዳልም አይገቡም። አቆጣጠሩን ሻጩ አልፈጠረውም፣ በየትኛውም አገር እንዲሁ ነው። ከበሮዎቹን ብቻ ለይቶ መሸጥም የተለመደ ነው። ግን ሌላው ቦታ ምን እንዳለበትና ምን እንደሌለበት ይጻፋል! የኛው ሰውዬ ስለ ሲምባሎቹ ስጠይቀው "እነሱ ለፎቶ ናቸው" አለኝ። ለፎቶ! ሰርግ ነው እንዴ?

ወንበሩስ ስለው "ወንበር እቤት አይጠፋም" አለኝ። እቤት ያለው የፕላስቲክ ወንበር ነዋ! መደገፊያው ክርን ይይዛል፣ ቁመቱ አይስተካከል፣ ጉልበት ከወገብ በላይ ይወጣል፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ኪክ የመታ ሰው ወገቡን ይዞ ነው የሚነሳው። የድራም ወንበር ቅንጦት አይደለም። ከብር ላይ መጀመሪያ መነሳት ያለበት የሱ ዋጋ ነው፣ ግን ማን ይነግራችኋል?

ዋጋውን ደግሞ አትጠይቁኝ፣ ማንም አይጽፈውማ። "ዋጋ በውስጥ መስመር።" በውስጥ ስገባ "ስንት ይዘሻል?" ይለኛል። የያዝኩትን ብነግረው ዋጋው በትክክል እሱ ሆኖ ሊወጣ ነው! ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የዶላር ስብከት ይጀምራል። እሺ፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ ሁላችንም እዚሁ ነበርን። ድራም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፣ ይወደድ፣ ገባኝ። ከዚያ በፊት ገብቶ መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ የከረመውም "በአሁኑ ዶላር" ሲባል ግን ምን ልበል? አቧራውንም አብረው ተመኑት መሰለኝ።

ሐዋሳ መሆን ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ዕቃው አዲስ አበባ ነው። "ቀብድ አስገቢና እንልክልሻለን።" ላም አለኝ በሰማይ! ወይም 275 ኪሎ ሜትር ሄጄ ላየው፣ ካልወደድኩት ባዶ እጄን ልመለስ። ከወደድኩትም አይሱዙ ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጭኖ ሲመጣ መናኸሪያ ድረስ የአንዱ ስታንድ እግር ይተርፍ እንደሆን እንጃ።

እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ ያገኘሁትን ላሳያችሁ። ስኔሩን አነሳሁና የድራም ቁልፌን ከቦርሳ አወጣሁ። ቆዳውን አንስቼ የሚያርፍበትን ጠርዝ በጣቴ ልዞረው ነው። ጠርዙ ከተቆረጠ ወይም ከጎረበጠ ምንም አይነት ቆዳ ብትቀይሩ ድምፁ አይስተካከልም። ልጁ እጄን ያዘኝ። "አይፈታም፣ ጋራንቲው ይበላሻል።" የስንት ጊዜ ጋራንቲ አለው? "የለውም።" ቀጠለና ደግሞ "ለማን ነው ግን? ለወንድምሽ?" አለኝ። ለኔ ነው ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝና ሮዝ ቀለም ያለው እንዳለ ነገረኝ። የሮዙ ኪክ 16 ኢንች ነው፣ የልጆች ድራም። አዋቂ የሚጫወትበት ኪክ በአብዛኛው 20 ወይም 22 ነው። በሮዝ ቀለም ሊሸውደኝ ነው እኮ!

ሲምባል ላይ ስንመጣ ደሜ ይፈላል። ከበሮ መካከለኛ ቢሆንም ይታገዛል። ቆዳው ፕላስቲክ ነው፣ ይቀየራል፣ በቁልፍ ይወጠራል፣ ይላላል፣ ውስጡ ብርድ ልብስ ይገባል፣ ሰው ይመስላል። ሲምባል ግን አንዴ ከተሠራ በኋላ አይቃኝም፤ ክፉ ከሆነ ክፉ ነው። ከርካሽ ድራም ጋር የሚመጡት ብዙዎቹ ናስ ናቸው፣ መዳብና ዚንክ። ስትመቷቸው የድስት ክዳን ወድቆ እንደሚጮኸው ነው። ደህናዎቹ ነሐስ ናቸው፤ መዳብ ከቲን ጋር የተቀላቀለበት። ለጀማሪ የሚሆኑት 8 በመቶ ቲን አላቸው፣ ውዶቹ 20 በመቶ ገደማ። ዚልጂያን የሚባሉት ሲምባል ሠሪዎች በፈረንጆቹ 1623 ኢስታንቡል ላይ ጀምረው እስከ ዛሬ የመዳብና የቲን ነገር ላይ ናቸው። ሻጩን "ይሄ ናስ ነው ነሐስ?" ስለው "ኦሪጅናል ነው" ይላል። ምኑ ኦሪጅናል? ስቲከሩ?

በዚያ ላይ የኛን ሙዚቃ አስቡት። ችክችካ ስትመቱ ቀኝ እጅ ሃይ ሃት (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ሲምባል) ወይም ራይድ (ትልቁ ሲምባል) ላይ ዕረፍት የለውም። ጆሮ ዘፈኑ እስኪያልቅ የሚሰማው እሱን ነው። ሰው ግን የኪኩን ቀለም መርጦ፣ ቁጥር ለማብዛት ሌላ ቶም ጨምሮ፣ በመጨረሻ በተረፈችው ሳንቲም ሃይ ሃት ይገዛል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ብር ያጠረው ሰው ላይ ብልጭልጩን ይጭኑበትና ድምፁን ይነፍጉታል።

"ታዲያ ኤሌክትሪክ ድራም አትገዢም?" የምትሉኝ ወዳጆቼ፣ ምክራችሁን ሰምቻለሁ። መረብ ቆዳ ያላቸው አሉ፣ በሄድፎን ይሠራሉ፣ ጥሩ ናቸው። ግን መብራት ይጠፋል። ጸጥ ይላል የሚባለውም ኪኩን ስትረግጡ መሬቱን ይዞ ጎረቤት ቤት ይገባል፣ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ይመስክር። ደግሞ አከራዬ እትዬ ከሁላችሁም ይሻላሉ። "ልጄ፣ ቀን ቀን ምቺ፣ ማታ ግን ደም ግፊት አለብኝ" ብለው ጨርሰውታል። ኪኩ ውስጥ አሮጌ ጋቢ፣ ቶሞቹ ላይ ፎጣ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ዝም። እንዲህ ያለ ግልጽ ውል ከአንድም ሻጭ አላገኘሁም።

ስለዚህ አዲሱን ትቼዋለሁ። አንድ ቸርች ድራማቸውን ሊቀይሩ መሆኑን ሰማሁና ሄጄ አየሁት። ፐርል የሚባለው ስሪት ነው፣ ያረጀ፣ ቀለሙ ተላልጧል፣ ቆዳዎቹ ጎድጉደዋል፣ ክራሹ፣ ለማድመቂያ የሚመታው ሲምባል፣ ከጠርዙ እስከ ጣት ርዝመት ተሰንጥቋል። ግን ቆዳውን ስፈታ ማንም እጄን አልያዘኝም። የኪኩን ስፋት በዚህም በዚያም አቅጣጫ ለካሁት፣ እኩል ነው፣ ክብ ነው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ዞርኩባቸው፣ ጥርሳቸው አልተበላም። የስኔሩ ሽቦ ማጥበቂያ ይያዛል፣ ይለቃል። ፔዳሉ ትንሽ ያንቋርራል፣ ዘይት ይበቃዋል። ዲያቆኑ ደግሞ "ክራሹ ተሰንጥቋል፣ ሃይ ሃቱን ለአዲሱ ስለምንፈልገው አይሸጥም፣ ወንበሩ አብሮ አለ" ብሎ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ሳልጠይቀው! ቀብድ ከፍያለሁ።

የጎደለኝ ሃይ ሃት ብቻ ነው። 14 ኢንች፣ ነሐስ፣ ያልተሰነጠቀ፣ መሐሉ ያለው ቀዳዳ ተበልቶ እንቁላል ያልሆነ። ያገለገለ ቢሆን ግድ የለኝም፣ ክራሽ ወደፊት ይደርሳል። ሐዋሳም ሻሸመኔም ያለ ሰው ካለ ዋጋውን እዚሁ ይጻፍልኝና ሲመታ በቪዲዮ ይላክልኝ። እባካችሁ፣ ቪዲዮው ላይ ከጀርባ ዘፈን እንዳታስገቡበት።