ክርክር፦ ያልተነካ ሰው ይክሰስ ወይ?

ተከራካሪዎቹ የደብረ ማርቆስ ወፍጮ ቤት ባለቤትና የባሕር ዳር ጠበቃ ናቸው። ጥያቄው፦ በብክለትና ሰውን በማወክ ሰበብ የሚቀርብ ክስ በሕግ ይገደብ ወይ?

ባለ ወፍጮው፦ ይገደብ እንጂ! የብክለት ቁጥጥር አዋጁ፣ ቁጥር 300/1995፣ ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማሳየት ሳይጠበቅበት አቤት ማለት ይችላል ይላል። ማንኛውም! ጎረቤቴ ብትከሰኝ ይገባኛል፤ ዱቄቱ ያሰጣችው ልብስ ላይ ያርፋል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በናፍጣ ስለማስነሳው ጆሮ ያደነቁራል፣ አልክድም። ወፍጮዬን አይቶት የማያውቅ ሰው ከደጀን ተነስቶ ቢከሰኝ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አይደለም? አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ በሕመም ማስታገሻ ሱስ የተነሳ አንድ መድኃኒት አምራች «ሕዝብ አውከሃል» ተብሎ 465 ሚሊዮን ዶላር ተፈርዶበት ነበር። ነገሩ ሲለጠጥ እንዲህ ነው።

ጠበቃዋ፦ ጋሼ፣ ይጨርሱታ! ያንን ፍርድ የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. ሽሮታል። ያስተካከለው ዳኛ ነው። አዋጁም ቀጥታ ፍርድ ቤት ሩጡ አይልም። አቤቱታው መጀመሪያ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይቀርባል፤ በ30 ቀን ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካ ነው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት የሚኬደው። ለእርስዎ ወፍጮማ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 አለ፤ ጢሱም ድምፁም ከመልካም ጉርብትና ማለፍ አለማለፉ ይመዘናል፣ የአካባቢው ልማድም ይታያል። እኔን የሚያሳስበኝ ዓባይ ነው። ከጣና ወጥቶ ከተማውን አቋርጦ ሲወርድ ቆሻሻ ቢለቀቅበት፣ ታች ከብቱን የሚያጠጣው ገበሬ የጠበቃ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ሌላ ሰው ካልከሰሰለት ማን ይክሰስ?

ባለ ወፍጮው፦ ለወንዙማ ማን ይጠላል። ለወንዝና ለሐይቅ ይከፈት፣ ፈቃድ ባለው ትንሽ ንግድ ላይ ይዘጋ። ዳኛው ያስተካክለዋል ትያለሽ፤ እስኪያስተካክለው ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ፣ ወፍጮው ቆሞ፣ ሠራተኛው ተበትኖ!

ጠበቃዋ፦ ቆዳ አልፍቶ ቆሻሻውን ወንዝ የሚለቀውም እኮ ፈቃድ አለው። ለእርስዎ ተብሎ የተዘጋ በር ለእሱም ይዘጋለታል፣ ዋናው ፍርሃቴ እሱ ነው። በከንቱ የከሰሰዎትን ወጪና ኪሳራ ይጠይቁት።

ባለ ወፍጮው፦ ከምኑ ላይ? ተፈረደልኝ ብዬ የሰው በሬ ላስነዳ? ከሳሹ ለኪሳራዬ ቀድሞ የገንዘብ መያዣ ያስይዝ።

ጠበቃዋ፦ በወፍጮ ቤት ላይ ይሁን፣ ያስይዝ። ለዓባይ ግን አንድ ብርም ብትሆን አልስማማም።