«ጠብቁ፣ ይደርሳል» የሚለው ምክር የት ላይ ማብቃት አለበት?

ልጇ እንደ እኩዮቹ አልሄደም ወይም አፉን አልፈታም ብላ የተጨነቀች እናት ከዘመድም፣ ከጎረቤትም፣ አንዳንዴም ከሐኪም የምትሰማው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ «ጠብቂ፣ ጊዜው ሲደርስ ያደርገዋል» ትባላለች። አባቱም ዘግይቶ አፉን እንደፈታ፣ ወንድ ልጅ ቶሎ እንደማይናገር፣ እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ እንደሚሄድ ይነገራታል። ምክሩ የሚሰጠው በቅንነት ነው፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ሆኖ ይገኛል። ችግሩ ግን ሊጠበቅ የሚችለውንና ሊጠበቅ የማይገባውን ሳይለይ ለሁሉም ልጅ እኩል መታደሉ ነው። መጠበቅ ምንም አለማድረግ ይመስላል እንጂ ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ ከሆነ ደግሞ ምክንያትም ቀነ ገደብም ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

መጠበቅ የሚያዋጣበትን ላስቀድም። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በመልካም ሁኔታ ያደጉ ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ ሕፃናት ብቻቸውን መሄድ የሚጀምሩበት ዕድሜ ከ8 ወር ጥቂት አለፍ ብሎ እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ የሚዘልቅ ሰፊ ክልል መሆኑ ታይቷል። መዳህን በተመለከተ ደግሞ ከ100 ሕፃናት 4 ያህሉ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ወደ መቆምና ወደ መሄድ አልፈዋል። ስለዚህ በ13 ወሩ ገና ያልሄደ፣ ነገር ግን ዕቃ ተደግፎ የሚቆም፣ ይዞ ወደ ጎን የሚራመድና ከሳምንት ሳምንት አንዳች አዲስ ነገር የሚጨምር ልጅ፣ የጎረቤቱ ልጅ በ10 ወሩ ስለሄደ ብቻ «ዘግይቷል» ሊባል አይገባም። ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ እስከ 2 ዓመት ድረስ ዕድሜው የሚሰላው ከተወለደበት ሳይሆን ሊወለድ ይገባው ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው፤ 2 ወር ቀድሞ የተወለደ የ14 ወር ልጅ የሚመዘነው ከ12 ወር ልጆች ጋር ነው።

ክልሉ ሰፊ ቢሆንም ግን ወሰን አለው። 18 ወር ሞልቶት ብቻውን የማይሄድ ልጅ በሐኪም መታየት አለበት። ምናልባት ምንም ችግር አይገኝበት ይሆናል፤ ሆኖም በአብዛኛው ወንዶችን የሚያጠቃው ዱሼን የተባለው የጡንቻ መድከም በሽታ አንዳንዴ መጀመሪያ የሚታየው ዘግይቶ በመሄድ ሲሆን፣ ጥርጣሬውን ለማጥራት የመጀመሪያው እርምጃ አንድ የደም ምርመራ ነው። 18 ወርን እንኳ መጠበቅ የሌለባቸው ምልክቶችም አሉ። ገና ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚጠቀምና ሌላውን ጨብጦ የሚይዝ ልጅ «ግራኝ ሊሆን ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ በዚህ ዕድሜ ግን ሁለቱም እጆች እኩል ሊሠሩ ስለሚገባ፣ የአንዱ ወደኋላ መቅረት የሴሬብራል ፓልሲ (በአእምሮ ላይ በደረሰ ጉዳት ሳቢያ እንቅስቃሴን የሚያውክ ችግር) ፍንጭ ሊሆን ይችላል።

ወደ ንግግር ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል፤ የ«ጠብቁ» ምክር ብዙ ጉዳት የሚያደርሰውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቤተሰብ የሚቆጥረው ቃላትን ነው፤ ከቃላት አስቀድሞ የሚመጡትን ምልክቶች የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። የ18 ወር ልጅ በመስኮት በኩል ወፍ ሲያይ ጣቱን ይቀስራል፤ ወዲያው ዞር ብሎ የእናቱን ፊት ይመለከታል፤ እሷም ማየቷን ካረጋገጠ በኋላ ዓይኑን ወደ ወፏ ይመልሳል። ወፏን ስጪኝ ማለቱ አይደለም፤ ያየውን አብራው እንድታይለት ፈልጎ ነው። ሌላ ልጅ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ሲፈልግ የእናቱን እጅ ይይዝና ወደ ዕቃው ይገፋል፤ ፊቷን ግን አያይም። ሁለቱም ልጆች ገና አንድ ቃል አልተናገሩ ይሆናል፤ ነገር ግን ያሉበት ሁኔታ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ሐሳቡን ለሌላ ሰው ማካፈል ስለጀመረ ቃላቱ የመከተል ዕድላቸው ሰፊ ነው። ሁለተኛው፣ በተለይ ስሙ ሲጠራም ዞር የማይል ከሆነ፣ ሳይዘገይ ሊታይ ይገባዋል። ይህ ማለት ልጁ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም፤ ለጥያቄው መልስ በቤት ውስጥ ሊገኝ አይችልም ማለት ነው።

የዘርፉ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ ሲመሩባቸው የቆዩ ገደቦች አሉ፤ በ12 ወሩ እንደ «ባባባ» ያሉ ድምፆችን የማይደጋግም ወይም በጣቱ የማያመለክት፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃላትን ከራሱ አመንጭቶ የማያገናኝ ልጅ ምርመራ ያስፈልገዋል። «ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ ስለሚነገር ነው» የሚለው ማብራሪያ በብዙ ቦታ ይሰማል፤ ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየትን አያመጣም። የሁለት ቋንቋ ልጅ ቃላት ሲቆጠሩ የሁለቱም ቋንቋዎች ተደምረው ነው የሚቆጠሩት፤ ተደምረውም ካነሱ ምክንያቱ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

የመጀመሪያው መፈለጊያ ጆሮ ነው። ወላጆች «በር ሲዘጋ እኮ ይደነግጣል፣ መስማትስ ይሰማል» ይላሉ። ነገር ግን ከፊል የመስማት ጉድለት ያለበት ልጅ የበሩን ድምፅ እየሰማ፣ ቃላትን ከቃላት የሚለዩትን እንደ «ሰ»፣ «ፈ» እና «ተ» ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ላይሰማ ይችላል፤ ከኋላው ሲጨበጨብለት የሚዞረውም ጥላ አይቶ ወይም የንፋሱ ንቅናቄ ተሰምቶት ሊሆን ይችላል። በጉንፋንና በጆሮ ሕመም ሳቢያ በመካከለኛው ጆሮ የሚጠራቀም ፈሳሽ ደግሞ መስማትን አንድ ሰሞን ቀንሶ ሌላ ሰሞን ስለሚመልሰው፣ ልጁ ዛሬ ሲጠራ ይዞራል፣ ነገ አይዞርም፤ «እልኸኛ ነው» የሚል ስምም ያተርፋል። እንደተወለደ ተመርምሮ ደህና ነው የተባለ ልጅም ከዚያ በኋላ የመስማት ችግር ሊያጋጥመው ስለሚችል፣ አፉን ለመፍታት የዘገየ ልጅ ሁሉ በመሣሪያ የታገዘ የመስማት ምርመራ ሳይደረግለት «ጠብቁ» ሊባል አይገባም።

አንድ ነገር ግን ለማንም የመጠበቅ ፈቃድ አይሰጥም፤ እሱም ልጁ የነበረውን ችሎታ ሲያጣ ነው። ቃላት ይናገር የነበረ ልጅ ዝም ካለ፣ ይጫወትና ፊት ያይ የነበረው ዓይኑን ካሸሸ፣ ይሄድ የነበረው ደጋግሞ መውደቅ ከጀመረ፣ በማንኛውም ዕድሜ ይሁን ቀናት ሳይባክኑ ለሐኪም መታየት አለበት። ታናሽ ስለተወለደበት ወይም ቤት ስለተቀየረ ነው ብሎ ማለፍ ያጓጓል፤ ያንን መወሰን ያለበት ግን መርማሪው ነው። ወላጆች በስልካቸው የቀረጹት የቀድሞ ቪዲዮ ካለ ይዘው ቢሄዱ፣ ልጁ ምን እንደነበረውና ምን እንዳጣ ለሐኪሙ ከረጅም ገለጻ የበለጠ ያሳያል።

የመጠበቅ ልማድ የሚጎዳ መሆኑን የተረዱት ባለሙያዎች ራሳቸው ናቸው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከአገሪቱ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 የዕድገት መለኪያ ዝርዝሩን ሲያሻሽል፣ ቀድሞ ግማሽ ያህሉ ልጆች በሚደርሱበት ዕድሜ ላይ የነበሩትን ምልክቶች ከ100 ልጆች 75 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ወደሚደርሱበት ዕድሜ አዛውሯል። መዳህንም ከዝርዝሩ አውጥቷል። አንዳንድ የንግግር ባለሙያዎች ለውጡ የቋንቋ ምልክቶችን ከሚገባው በላይ አዘግይቷል ብለው ተችተዋል፤ ትችታቸው ክብደት ያለው ይመስለኛል። የለውጡ ዓላማ ግን ግልጽ ነው፤ ምልክቱ የተቀመጠው አብዛኞቹ ልጆች በሚያሟሉበት ዕድሜ ላይ ከሆነ፣ ያላሟላውን ልጅ «ገና ነው» ብሎ ለመመለስ ሰበብ አይኖርም። አካዳሚው ከዚህም አልፎ ወላጅ ቢጠራጠርም ባይጠራጠርም እያንዳንዱ ልጅ በ9፣ በ18 እና በ30 ወሩ አጠቃላይ የዕድገት ልየታ (ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ቀድሞ የሚለይ አጭር ፍተሻ)፣ በ18 እና በ24 ወሩ ደግሞ የኦቲዝም ልየታ እንዲደረግለት ይመክራል። ጥያቄው ለሁሉም ልጅ እንደ ክትባት በቀኑ የሚቀርብ ሲሆን፣ ልጇን «ታሳጣለች» ተብላ የምትወቀስ እናት አትኖርም።

ብዙ ቤተሰቦችን የሚያስፈራቸው ለልጁ የበሽታ ስም መውጣቱ ነው። ልየታ ግን ስም አያወጣም። ለኦቲዝም ልየታ በብዙ አገሮች የሚሠራበት መጠይቅ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ወላጅ «አዎ» ወይም «አይደለም» እያለ የሚመልሳቸው 20 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ ውጤቱ የሚናገረው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን ብቻ ነው። እርዳታውም የበሽታ ስም እስኪገኝ መጠበቅ የለበትም፤ የንግግር ወይም የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ልጁ ባለበት ደረጃ ሊጀመር ይችላል። ዘግይተው ከሚናገሩ የ2 ዓመት ልጆች ብዙዎቹ ያለ ምንም እርዳታ እኩዮቻቸው ላይ እንደሚደርሱ እርግጥ ነው። ሆኖም የትኛው እንደሚደርስና የትኛው እንደሚቀር አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚለይ ሰው የለም፤ የሚደርሰው ልጅ በምርመራው የሚያጣው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ የማይደርሰው ግን በመጠበቁ የሚያጣው አእምሮው ቋንቋን ለመቀበል እጅግ ዝግጁ የሆነባቸውን ወራት ነው።

ስለዚህ የጤና ባለሙያዎችን የምጠይቀው «ጠብቁ» የሚለውን ቃል እንዲተዉት አይደለም፤ ቀን እንዲጽፉበት ነው። እናቲቱ ከክፍሉ ስትወጣ በልጁ ካርድ ላይ ምን እንደሚጠበቅ፣ እስከ መቼ እንደሚጠበቅ፣ በዚያ ቀን ካልታየ ደግሞ ልጁ ወዴት እንደሚላክ ተጽፎ መውጣት አለበት። ወላጆችም ይህን ሳይዙ ከተመለሱ፣ ወደ ሌላ ሐኪም የመሄድና ልጃቸው እንዲመረመር የመጠየቅ መብት አላቸው።