ይድረስ ለክቡር ኮምፕላያንስ፦ የጀነሬተራችን ጉዳይ

ይድረስ ለክቡር የፌዴራል ግራንት ኮምፕላያንስ፣ ባለህበት።

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ካንተ ሪፖርት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አንቱ ልበልህ ወይስ አንተ እያልኩ ትንሽ አስቤ ነበር፣ ግን አራት አመት ሙሉ ከሚስቴ ይልቅ ካንተ ጋር ያመሸሁ ሰው ምን አንቱ ያስብለኛል፣ ተላምደናል በቃ።

ለማያውቅህ ላስተዋውቅህ፣ የፌዴራል እርዳታ ብር በደንቡ መሰረት መዋሉን የምትቆጣጠር አንተ ነህ። እዚህ አሜሪካ አንዲት ትንሽ ካውንቲ ውስጥ ኢመርጀንሲ ማኔጅመንት ቢሮ ነው የምሰራው፣ ጎርፍ ሲመጣ በረዶ ሲቆለል መብራት ሲጠፋ ሰው የት ይጠለላል ማን ውሃ ያመጣል የሚለውን ቀድሞ የሚያስብ ቢሮ፣ ሁለት ሰው ተኩል ነን (ግማሿ ከሰአት በኋላ ታክስ ክፍል የምትሄደው ልጅ ናት)። ፌማ ከሚባለው የፌዴራል የአደጋ መስሪያ ቤት ኢኤምፒጂ የሚባል የአደጋ ዝግጅት ብር በስቴቱ በኩል ይመጣልናል፣ ሃምሳ በሃምሳ ነው፣ ግማሹን ፌዴራል ግማሹን እኛ። ይመጣል አልኩ እንጂ መጀመሪያ ከራሳችን አውጥተን፣ ደረሰኝ ሰብስበን፣ በየሶስት ወሩ ሪፖርት ጽፈን፣ ከዛ ነው የሚመለስልን። እቁብ እንዳልለው እቁብ እንኳን እጣ የሚወጣበት ቀን ይታወቃል።

እና ለዚህ ብር ብቁ ለመሆን ተማር ተባልኩ፣ ተማርኩ። አይኤስ 100፣ 200፣ 700፣ 800 የሚባሉ የፌማ ኮርሶች፣ ሁሉም ኦንላይን ነው፣ 75 ፐርሰንት ካመጣህ ሰርተፊኬት ይላክልሃል፣ ከዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬ ይልቅ ግድግዳዬን የሞላው እሱ ነው። እዛ ውስጥ ኒምስ የሚባለው፣ መስሪያ ቤቶች በአደጋ ጊዜ አብረው የሚሰሩበት ስርአት፣ በጣም ደስ የሚል ህግ አለው፣ አደጋ ላይ ብዙ መስሪያ ቤት አብሮ ሲሰራ ኮድ አታውሩ፣ በሬዲዮ ቴን-ፎር ምናምን አትበሉ፣ ግልጽ ቋንቋ ተናገሩ ይላል። ወይ ጉድ። በማግስቱ አንተ የላክልኝ ኢሜይል ምን ይላል፣ "የኢኤምፒጂው ዕቃ ከኤኢኤሉ ጋር ይያያዝ፣ ኢኤችፒው ሳይጸድቅ ስራ እንዳይጀመር፣ ዩኢአዩ ሳም ላይ አክቲቭ መሆኑ ይረጋገጥ።" ሶስቴ አንብቤ የገባኝ "እንዳይጀመር" የምትለዋ ብቻ ናት። ኋላ ስጠይቅ ኤኢኤል የተፈቀዱ ዕቃዎች ዝርዝር፣ ኢኤችፒ የአካባቢና የቅርስ ምርመራ፣ ዩኢአይ የመለያ ቁጥር፣ ሳም ደግሞ የፌዴራል መመዝገቢያ ነው አሉኝ።

ሌላም ተምሬያለሁ፣ አንድ አለቃ ቢቻል 5 ሰው ነው የሚያዘው። ቻርቱ ላይ ስማችንን ስንሞላ ግን ፕላኒንግም እኔ፣ ሎጂስቲክስም እኔ፣ ፋይናንስም እኔ ሆንኩ፣ ራሴን አዛለሁ፣ ለራሴ ሪፖርት አደርጋለሁ፣ አንዳንዴም ራሴ ላይ አኮርፋለሁ።

አሁን ወደ ጀነሬተሩ ልምጣ፣ የጻፍኩልህ ስለሱ ነው።

መጠለያ ብለን የመረጥነው የሃይስኩል ጂም ነው። ለሱ ጀነሬተር ይገዛ ተባለ፣ ጨረታ ወጣ፣ ተገዛ፣ መጣ፣ ሁለት ሰው ተኩላችንም አጨበጨብን። ከዛ አንተ ደረስክ። ሲሪያል ቁጥሩ ይመዝገብ፣ የማን ንብረት ነው፣ ፌዴራል ስንት ፐርሰንት ከፈለ፣ መቼ ተገዛ፣ በስንት፣ የት ይገኛል፣ በምን ሁኔታ ላይ ነው። "በካርቶኑ ውስጥ፣ እጅግ ጥሩ" ብዬ ሞላሁ። በየሁለት አመቱ ደግሞ በአካል ሄዳችሁ ቁጠሩ ይላል ህጉ፣ ሄጄ ቆጠርኩት። አንድ ነው።

ለምን ካርቶን ውስጥ ሆነ? ከጂሙ ውጪ ኮንክሪት አፍስሰን እላዩ ላይ ማሰር አለብን፣ ለዛ ደግሞ መሬት ይቆፈራል፣ መሬት ከተቆፈረ የአካባቢና የቅርስ ምርመራ አለ፣ ስንት ኢንች ነው የምትቆፍሩት፣ ሳሩን ከምድርም ከሰማይም ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ህንጻው ስንት አመቱ ነው ተባልኩ። ሃምሳ አልፎታል አልኩ፣ ምነው አፌን በቆረጠው፣ ሃምሳ ያለፈው ሁሉ ቅርስ ሊሆን ይችላል ለካ። ወንድሜ፣ እኔ ላሊበላን ያየሁ ሰው ነኝ፣ ቅርስ ሲሆን አውቀዋለሁ፣ ይሄ የቅርጫት ኳስ መጫወቻ ነው፣ ሽታውም ይመሰክራል። ቀበሌ ያሳደገኝ ስለሆንኩ ማህተምና ወረፋ አይገርመኝም፣ ግን ቀበሌ ቢያንስ "ነገ ና" ይልህ ነበር፣ አንተ "ፋይሉ በግምገማ ላይ ነው" ብለህ ዝም።

አልዋሽም፣ ያለ ምክንያት አልመጣህም። ካትሪና ከሚባለው አውሎ ነፋስ በኋላ በ2006 እ.ኤ.አ. የኮንግረሱ ኦዲተር ጂኤኦ ለግለሰቦች ከተሰጠው እርዳታ ከ600 ሚሊዮን እስከ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ያላግባብ ሳይወጣ አልቀረም ብሎ ገምቶ ነበር፣ በእርዳታ ብር የእግር ኳስ ትኬት የገዛ ሁሉ ተገኝቷል። ይጣራ፣ የህዝብ ብር ነው። እኔ ግን ትኬት አልገዛሁም እኮ፣ ጀነሬተር ነው የገዛሁት፣ እሱም አልተነሳም።

ባለፈው ዊንተር በረዶው መብራቱን ይዞት ሄደ። ጂሙን ከፈትን፣ ሰው ብርድ ልብሱን ታቅፎ ገባ፣ ኦክስጅን ማሽን የምትጠቀም አንዲት እናትም መጣች፣ የማሽኑ ባትሪ እያለቀ ነው። የኛ ጀነሬተር መጋዘን ውስጥ፣ ምናልባት አርባ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ባርኮዱን ለጥፎ ቁጭ ብሏል። አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ምንም ሳይናገር ወጥቶ ከፒካፑ ላይ ለአሳ ማጥመጃ የሚወስዳትን ትንሽ ጀነሬተር አወረደ፣ ገመድ ዘረጋ፣ ማሽኑ ሰራ። ሌሊቱን ሙሉ ውጪ ቆሞ ቤንዚን ሲጨምር አደረ። ሳሙም የለው፣ ዩኢአዩም የለው።

እኔስ ምን አደረግኩ መሰለህ? ሲነጋ ቡና ይዤለት ሄጄ የሰአት መቆጣጠሪያ ቅጽ አስፈረምኩት፣ ምክንያቱም የበጎ ፈቃደኛ ሰአት ከኛ ሃምሳ ፐርሰንት ላይ ሊታሰብልን ይችላል። "ምን አጠፋሁ?" አለኝ ሰውዬው። ፈረመ። በእርሳስ ስለፈረመ ተመለሰብኝ።

ከዛ አፍተር አክሽን ሪፖርት፣ ማለትም ከአደጋው በኋላ ምን ጎደለ የሚባልበት ጽሁፍ፣ ያው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ነገር በፌዴራል ቋንቋ። የታየው ክፍተት፦ መብራት አልነበረም። ምክንያቱ፦ ጀነሬተር አልተተከለም። ማስተካከያ የሚለው ሳጥን ውስጥ "ያለውን ጀነሬተር ከካርቶን ማውጣት" ብዬ ጻፍኩ። ኮሜንት ይዞ ተመለሰ፣ ማስተካከያው ከተፈቀዱት ምድቦች ጋር አይሄድም፣ ከዝርዝሩ ምረጥ። ዝርዝሩን ከፈትኩት፣ ለኛ የሚቀርበው "ግዢ" የሚለው ነው። መረጥኩት።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ለሁለተኛ ጀነሬተር ማመልከቻ ተጀምሯል። ሳሩን ከሰማይ ፎቶ ላነሳ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
ያንተው (በሰማያዊ እስክሪብቶ የተፈረመ)

ግልባጭ፦
ለፕላኒንግ (ለኔ)
ለሎጂስቲክስ (ለኔ)
ለፋይናንስ (ለኔ፣ ሳላየው የተመለሰ)
ለጀነሬተሩ፣ በካርቶኑ በኩል