እርማት፦ አውሮፓ ያልታ ላይ አልተቆረሰችም

ጋሼ፣ እሁድ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን «ሦስቱ ሰዎች ያልታ ቁጭ ብለው አውሮፓን እንደ ዳቦ ቆረሷት» ብለው ነበር። ሦስቱ የአሜሪካው ሩዝቬልት፣ የእንግሊዙ ቸርችልና የሶቪየቱ ስታሊን ናቸው፤ ያልታ ደግሞ በጦርነቱ ማብቂያ የተሰበሰቡባት የክራይሚያ ከተማ ናት። ወሬው ያምራል፣ ግን ቦታው ተምታቷል።

አገሮቹ ላይ ማን ምን ያህል ተጽዕኖ ይኑረው ብላ በመቶኛ ያካፈለችው ወረቀት የሞስኮ ናት፣ ኦክቶበር 1944 እ.ኤ.አ.። ቸርችል ብጫቂ ወረቀት ላይ ሩማንያ 90 በመቶ ለሶቪየት፣ ግሪክ 90 በመቶ ለእንግሊዝ እያለ ጻፈ። ስታሊን በሰማያዊ እርሳስ ራይት አደረገባት። ይህን የተረከው ራሱ ቸርችል ነው። ሩዝቬልት እዚያ ክፍል አልነበረም።

የጀርመን ክፍፍልም ለንደን ላይ በ1944 ተነድፎ ነበር። ያልታ የጨመረችው የፈረንሳይን ድርሻ ነው።

ፌብሩዋሪ 1945 ያልታ ሲገናኙማ ቀይ ጦር፣ ማለትም የሶቪየት ሠራዊት፣ ፖላንድን አልፎ ጀርመን ውስጥ ኦደር ወንዝ ደርሷል። ምን ቀረና ይቆረሳል? እዚያ የተፈረመው ነፃ ለወጡ አገሮች ነፃ ምርጫ የሚል ቃል ነው። ስታሊን ቃሉን አጠፈ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታ ምክር ቤት የድምፅ አሰጣጥ ላይም እዚያው ተስማምተዋል።

በነገራችን ላይ ጃንሆይም ያልታ አልሄዱም። ሩዝቬልትን ያገኙት ከጉባኤው በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 13፣ ግብፅ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመች የአሜሪካ የጦር መርከብ ነው።