አራት ባዶ ወንበርና የእማዬ ጥያቄ

ባለፈው ሰመር እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ ሶስት ወር ሜሪላንድ እኛጋ ነበረች። ልጆቹ «እማማ ሳትሄድ ዲዝኒ እንውሰዳት» እያሉ መቀመጫ አሳጡን፣ ማን መሄድ እንደፈለገ ግልጽ ነው፣ እሷማ ስለ ሚኪ ማውስ ስንነግራት «ለአይጥ ብለን ነው እንዴ ይሄን ሁሉ መንገድ የምንሄደው?» ነው ያለችው። ብቻ በሶስት ሳምንት ውስጥ ፈቃድ ጠይቀን፣ ከፓርኩ ውጪ ረከስ ያለ ሆቴል ይዘን፣ ቫኗን ሞልተን በ95 ሀይዌይ ቁልቁል ወደ ኦርላንዶ ነዳነው። ስድስት ሰው፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሶስት ልጆች፣ እማዬ። ሰባተኛ ሰው የሚያክል የእማዬ የስንቅ ቦርሳም ነበረ።

ስራ ቦታ በየአመቱ ዲዝኒ የምትሄድ አንዲት አሜሪካዊት አለች። ልንሄድ ነው ስላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ዳይኒንግ ጨርሳችኋል?» ብላ ነው። እኔ የመንገድ ስንቅ መስሎኝ «አዎ፣ እናቴ ዳቦ ቆሎ እየሰራች ነው» አልኳት። ሴትየዋ ለካ ሪዘርቬሽን ነው የምትለኝ። ምንም እንዳልያዝን ስታውቅ ያየችኝ አስተያየት በቃ ዘመድ የሞተበትን ሰው እንደሚያዩት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋልት ዲዝኒ ዎርልድ ውስጥ አስተናጋጅ መጥቶ የሚታዘዝበት ሬስቶራንት ጠረጴዛ መያዝ የሚከፈተው 60 ቀን ቀደም ብሎ ነው። በአሜሪካ አቆጣጠር ጠዋት ስድስት ሰዓት ላይ፣ በኛ ንጋት 12 ሰዓት መሆኑ ነው፣ ሰዉ አላርም ሞልቶ ይነሳና ስልኩ ላይ ይሻማል። የዲዝኒን ሆቴል የያዘ ሰው ደግሞ የሚገባበት ቀን 60 ቀን ሲቀረው የቆይታውን እስከ 10 ቀን ድረስ በአንዴ ጠቅልሎ መያዝ ይችላል። ስለዚህ እንደኛ ውጪ ያደረ ሰው በ60ኛው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቢነሳም እነሱ ቀድመውታል። ከኮቪድ በፊት ጭራሽ 180 ቀን ነበር። ስድስት ወር! የሲንደሬላ ቤተመንግስት ውስጥ እራት ለመብላት ስድስት ወር ቀድሞ ማሰብ።

ይሄንን አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ በስልክ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዛ «ቆይ፣ የዛሬ 60 ቀን ምን እንደሚያምርህ በምን ታውቃለህ?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ትንሽ አስቦ ደግሞ «የሰው ሰርግ ካርድ እንኳን በሁለት ሳምንቱ ነው የሚደርሰን» አለ። እውነቱን ነው።

የመጀመሪያው ቀን ማጂክ ኪንግደም የሚባለው የዲዝኒ ፓርክ ነበርን። ሙቀቱ የሰመር ፍሎሪዳ ሙቀት ነው፣ እርጥብ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደመሄድ ያለ ነገር። ምሳ ሰዓት ላይ እማዬ እግሯ አልቆም ስላላት አንድ ሬስቶራንት በር ላይ ሄድኩ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በሩ ላይ ታብሌት የያዘች ፈገግተኛ ልጅ ቆማለች። ሪዘርቬሽን አላችሁ? የለንም። ዋክአፕ ሊስት፣ ሳይዝ የመጣ ሰው ተራ የሚጠብቅበት ማለት ነው፣ ለጊዜው ተዘግቷል፣ ቆየት ብላችሁ ሞክሩ፣ መልካም ቀን ይሁንላችሁ። ይሄን ሁሉ ያለችው ፈገግታዋ አንዴ እንኳን ሳይጎድል ነው። ሰው በፈገግታ ሲመልስህ ደግሞ መቆጣት አትችልም፣ ያ ነው የሚያናድደው።

እማዬ ግን እኔን አልሰማችም፣ በመስታወቱ ወደ ውስጥ እያየች ነበር። የስድስት ሰው ጠረጴዛ ላይ ባልና ሚስት መሰሉኝ ሁለት ሰዎች ብቻ ቁጭ ብለዋል፣ አራት ወንበር ባዶ። አንዱ ወንበር ላይ እንደውም የሴትየዋ ቦርሳ ተቀምጧል። «አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «ያ ሁሉ ወንበር ባዶ ሆኖ እኛ እዚህ በጸሀይ የምንቀልጠው ለምንድነው? ጠጋ በሉልን አይባልም?»

እማዬ እዚህ አገር እንደዛ አይባልም አልኳት። «ማን ከለከለ?» አለች። ማን እንደከለከለ እኔም አላውቅም። 20 አመት ልሞላ ነው አሜሪካ፣ አንድም ቀን ጠይቄው የማላውቀውን ነገር ነው የጠየቀችኝ።

አስቡት እስቲ፣ አገር ቤት የፋሲካ ሰሞን ስጋ ቤት ስትገቡ። ቦታ የለም፣ ግን ቦታ የለም ብሎ የሚመልሳችሁ ሰው ደግሞ የለም። ትገባላችሁ፣ የሚበሉ ሰዎች አጠገብ ትቆማላችሁ፣ ከነሱ አንዱ እጁ ላይ ጉርሻ እንደያዘ ቀና ብሎ «ኖር! ኑ ጠጋ ጠጋ እንበል» ይላል፣ እናንተም በእግዜር ብላችሁ ኩርሲ ጎትታችሁ ትቀመጣላችሁ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የማታውቁት ሰውዬ ሚጥሚጣውን ወደናንተ እየገፋ ስለ ልጁ ትምህርት ያወራችኋል። እኔ ይሄ በጣም ይናፍቀኛል፣ ስጋው ራሱ እንደዛ አይናፍቀኝም።

ግን ደግሞ እንዋሽ እንዴ? ያው አገር ቤት ሌላም በር አለ። ከሁለት አመት በፊት ሄጄ እሁድ ቀን ቢሾፍቱ ሀይቁ ዳር አንድ ቦታ ቤተሰብ ይዘን ሄድን፣ ሞልቷል ተባልን፣ እሺ ብለን ጥላ ስር ቆመን ስንጠብቅ አንዱ ስልክ እያወራ መጣና «አዎ ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ» አለ፣ ከውስጥ አንድ ሰው ሮጦ ወጥቶ አቅፎ ስሞት አስገባው። ጠረጴዛ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው፣ ከነ ጨርቁ መጣ። እኛ አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን። ማንም ስማችንን አልጻፈ፣ ስንት ሰው እንደሚቀድመን የሚነግረን የለ፣ «ትንሽ ነው፣ አሁን ይነሳሉ» ብቻ። የዲዝኒው አፕ ቢያንስ እኔ ማን እንደሆንኩ አያውቅም፣ የማን ልጅ ነህ አይልም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ያው እዚህም ዘመድ የለም ማለት ግን አይደለም፣ ሆቴሉን በውድ የያዘው እስከ 10 ቀን ሲቀድመኝ አይቻለሁ፣ ዘመዱ ክሬዲት ካርዱ ነው ሃሃ።

ለማንኛውም ያን ቀን ከበር ተመልሰን ሞባይል ኦርደር ነው ያረግነው፣ አፑ ላይ ታዛለህ፣ ሰዓት ትመርጣለህ፣ ስትደርስ ደርሻለሁ የሚለውን ትነካለህ፣ ሲዘጋጅ ሄደህ ትሪህን ትወስዳለህ። የበርገርና የፈረንች ፍራይስ ቤት ነው። እማዬ አንድ ፍራይስ አንስታ ቀመሰችና ቦርሳዋን ከፈተች። እዚህ ጋ ዲዝኒን ላመስግን፣ የራስህን ምግብ ይዘህ መግባት ትችላለህ፣ ብርጭቆና ጠርሙስ እና አልኮል ነው የማይገባው። በሩ ላይ ቦርሳ የሚፈትሸው ልጅ የዳቦ ቆሎውን ፌስታል አንስቶ ወዲህ ወዲያ አገላብጦ አየና «ምንድነው?» አለኝ፣ ስናክ አልኩት፣ አለፈ።

ማታ ሆቴል ገብተን ባለቤቴ ነርስ ስለሆነች እንደ ታካሚ ካርድ አፑን አገላብጣ አጠናችው። ያወቀችውን ላካፍላችሁ፣ ሳትይዙ የምትሄዱ ሐበሾች እንደምትበዙ አውቃለሁ።

የዋክአፕ ሊስቱ አፑ ላይ አለ፣ ግን ሬስቶራንቱ አካባቢ ስትሆን ነው የሚያስገባህ፣ አልጋህ ላይ ሆነህ አይሆንም። ስምህን ካስገባህ በግምት ስንት ደቂቃ እንደምትጠብቅ ይነግርሃል፣ ጠረጴዛ ሲገኝ ስልክህ ላይ መልእክት ይመጣል፣ እስከዛ በር ላይ መገተር የለብህም። ሊስቱ ይከፈታል ይዘጋል፣ አንዴ ተዘግቷል ስላሉህ ቀኑን ሙሉ ተዘግቷል ማለት አይደለም፣ እኛ የተሸወድነው እሱ ላይ ነው።

ሌላው ቅጣቱ ነው። ይዞ የቀረ ሰው አብዛኞቹ ቦታ ላይ በነፍስ ወከፍ 10 ዶላር ይቀጣል፣ ግን ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ከሰረዘ አይቀጣም። እንግዲህ አስቡት፣ ያ ሁሉ 60 ቀን ቀድሞ በጉጉት ሶስት አራት ቦታ የያዘ ሰው ልጁ ሲያለቅስበትና ሲደክመው መሰረዝ የሚጀምረው ያን ሰዓት ነው። ለአንድ ሰዓት እራት 11 ሰዓት አካባቢ ስልክህን አትልቀቅ። ሰዓቱን በኛ ነው ያልኩት፣ እንዳትሳሳቱ፣ በነሱ ለሰባት እራት አምስት ሰዓት ላይ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ በነሱ ሶስት አራት ሰዓት ላይ፣ ለምሳ የረፈደ ለእራት የቸኮለ ሰዓት ላይ፣ ብትሄድም ይሻላል። ዝናብ ደግሞ ጓደኛህ ነው። በሰመር ከሰዓት የሚያጓራ መብረቅና ዝናብ አለ፣ ውጪ ያሉት ጨዋታዎች ይቆማሉ፣ የራሰ ህዝብ ልጁን ተሸክሞ ወደ ሆቴሉ ይነጉዳል፣ እራት የያዘውም ይቀራል። ከማጂክ ኪንግደም ወጥተህ በሞኖሬል ባቡሩ ሆቴሎቹ ጋ ብትሄድም፣ ኮንቴምፖራሪ፣ ፖሊኔዥያን፣ ግራንድ ፍሎሪዲያን፣ እዛ ለመብላት የፓርክ ቲኬት አያስፈልግም።

ስድስት ሰው ከባድ ነው፣ ለሶስት ለሶስት ተከፍለን እንሞክር አለች ባለቤቴ። እማዬ ሰማች። «ተለያይተን ልንበላ? ምን ተጣልተን?» አለች። ስለዚህ ስድስት።

ሁለተኛው ቀን አኒማል ኪንግደም ነበር። እዛ ሐራምቤ የሚባል የአፍሪካ ከተማ ሰርተዋል፣ ግድግዳው ቀለሙ የለቀቀ፣ ልስኑ የረገፈ፣ ሆን ተብሎ በብዙ ገንዘብ እንዲያረጅ የተደረገ። እማዬ ቆማ ግድግዳውን በእጇ ነካ ነካ አርጋ «ይሄንን እኛ ሰፈር በነጻ ታዩት ነበር» አለችን። ሐራምቤ በስዋሂሊ አብረን እንሳብ፣ አብረን እናንሳ ነው፣ ኬንያዎች መፈክራቸው ነው። እዛም ያለው ቡፌ ቤት ሪዘርቬሽን ነው፣ አብሮ መሳቡ ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ ቆሟል።

ሶስተኛው ቀን ኤፕኮት። ሀይቅ ከበው 11 አገር ሰርተዋል፣ እንደ ኤግዚቢሽን፣ ከአፍሪካ ሞሮኮ ብቻ ናት። ማክሰኞ ስለነበር ጾም የለም፣ እግዜር ይመስገን፣ ረቡዕ ቢሆን ሌላ ጣጣ ነበር። ባለቤቴ ጀርመኖቹ ጋ ቦታ አገኘች፣ ቢየርጋርተን ይባላል፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከማታውቀው ሰው ጋር ቀላቅለው ነው የሚያስቀምጡህ። ልቤ ዘለለ፣ የእማዬ ጥያቄ ተመለሰ ብዬ። ሜኑውን ከፍተን ስናይ ግን የሚበዛው ቋሊማ፣ የአሳማ ጥብስ፣ ደግሞ ቋሊማ። ለእማዬ የሚሆናት ጥቂት ነው። ተውነው።

አስር ሰዓት ላይ፣ በኛ፣ ሰማዩ ጠቆረና ወረደ። ጃፓኖቹ ጋ ሚትሱኮሺ የሚባለው ሱቃቸው ውስጥ ገብተን ተጠለልን፣ እላዩ ላይ ቴፓን ኤዶ የሚባል ሬስቶራንት አለ። ባለቤቴ አፑን ነካች፣ ሊስቱ ተከፍቷል፣ 35 ደቂቃ ይላል፣ በ25 ደቂቃ ጠሩን።

እዛ ደግሞ ጠረጴዛው ራሱ ምጣድ ነው። ስምንት ሰው ትልቅ የብረት ምጣድ ዙሪያ ይቀመጣል፣ ሼፉ መሀል ቆሞ እፊትህ ይጠብሳል። እኛ ስድስት፣ ሁለት ወንበር ቀረ፣ ከኦሃዮ የመጡ ሽማግሌ ባልና ሚስት አምጥተው እማዬ ጎን አስቀመጧቸው። እማዬ ብድግ አለችላቸው፣ ሙሉ ለሙሉ፣ ነጠላዋን አስተካክላ። «ኖር በሏቸው እንጂ!» ብላ እኛን ተቆጣች፣ ስድስታችንም ብድግ አልን፣ ሰዎቹ ደንግጠው እነሱም መልሰው ቆሙ፣ ሼፉ ቢላውን እንደያዘ ሁላችንንም ያየናል። ከዛ ሼፉ ሽንኩርት ቆራርጦ እንደ ተራራ ከምሮ እሳት ለቀቀበት፣ ትንሹ ልጄ ጮኸ፣ እማዬ አማተበች።

ሽሪምፕ የሚባለውን አልነካችም፣ ስጋውንና ሩዙን ግን በላች፣ የሽማግሌው ሳህን ላይ ከራሷ ስጋ ልታደርግለት ስትል እጇን ያዝኳት። በዛ ተስማማን ስል ቦርሳዋን ከፍታ ለሚስትየዋ እፍኝ ዳቦ ቆሎ ሰጠቻት። ሴትየዋ አንዷን በጥንቃቄ ቆረጠመች፣ ሁለተኛ ወሰደች፣ ከዛ ባሏ እጁን ዘረጋ። በመጨረሻ ሼፉም ደረሰው መሰለኝ፣ ኪሱ ሲከት አይቻለሁ።

ከወር በኋላ እማዬ አገሯ ገባች። ወንድሜ ደውሎ ሲስቅ ሲስቅ፣ ጎረቤቶቿ ቡና ላይ አሜሪካ እንዴት ነው ብለው ሲጠይቋት ምን እንዳለች ነገረኝ። «አሜሪካኖቹስ ወንበር ይሰስታሉ፣ ቦርሳ ነው የሚያስቀምጡበት፣ ጃፓኖቹ ናቸው ያስጠጉን።»